ቁልፍ ሲዞር የሚጠፋው መብራት፦ የኤንፒአሬ ሳምንት

ሰኞ፣ መስከረም 20፣ 2017

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ሰቃ ልወጣ ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ቁልፍ አዞርኩ። ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። ከታች «ጠጠጠጠጠ» የሚል ድምፅ ብቻ መጣ። ቁልፉን ለቀቅኩ፣ ደግሜ አዞርኩ። ያው ነው።

መኪናዋ አይሱዙ ኤንፒአር ናት። ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ፣ 4.3 ሊትር፣ የድሮው 4ኤችኤፍ1 ሞተር። ከአባቴ ነው የወረስኳት። ቡና ሊደርስ ነው፤ ጥቅምት ከገባ በኋላ ከሰቃ፣ ከአጋሮና ከጌራ የሚጫነው አያስተኛም። አሁን ነው ጤነኛ መሆን ያለባት። ስለዚህ እስክትድን ድረስ የምሠራውን በየቀኑ እጽፋለሁ ብያለሁ። ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው ይጠቀምበታል።

ቤቴ ጅማ ነው፣ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ላይ። መንገዱ ወደ ከተማ ያዘቀዝቃል። የሰፈር ልጆች ተሰበሰቡና በግፊ አስነሳናት። ቁልፉን ኦን ላይ አድርጌ፣ ፍሪሲዮን ረግጬ፣ 2ኛ ማርሽ አስገብቼ ጠበቅኩ። ፍጥነት ስትይዝ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። ወዲያው ተነሳች። ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ይናገራል። ናፍጣው፣ ፓምፑ፣ ሞተሩ ደህና ናቸው ማለት ነው።

አንድ ጎረቤቴ «አየር ገብቶባት ነው፣ ፊልትሮውን ፍታው» አለኝ። አልፈታሁም። «አልነሳ አለች» ስንል ሁለት የተለያየ በሽታ ነው የምንደባልቀው። ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ የናፍጣ፣ የአየር፣ የሙቀት ጉዳይ ነው። ጭራሽ የማይዞር ከሆነ ግን ባትሪ፣ ኬብል፣ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ)፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር)፣ ወይም የተነከሰ (ተጣብቆ የቀረ) ሞተር ነው። የማይዞር ሞተር ላይ ፊልትሮ መፍታት ጊዜ ማባከን ነው።

ማታ ግቢ አስገብቼ አጠፋኋት። ጎማዎቹ ስር ታኮ አደረግኩ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 21

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ሞከርኳት፣ ያው «ጠጠጠጠ» ነው። ባትሪ ይሆናል ብዬ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አወጣሁ። ተከታትለው የታሰሩትን ሁለቱን ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በአንድ ላይ ስለካ 24.7 ቮልት አነበበ። ለ24 ቮልት መኪና ይህ ጤነኛ ቁጥር መሰለኝ። ቢሆንም ልቤ አላመነም። የጎረቤቴን መኪና ሁለት ባትሪዎች ተበደርኩና ገጠምኳቸው። የእሱ መኪና በነሱ በአንድ ቁልፍ ነው የምትነሳው። የኔ ግን ምንም ለውጥ የለም።

ከሰዓት አንድ መካኒክ መጣ። «ባትሪ ቀይረህም ካልዞረ ሞተሪኖው ሞቷል» አለኝ። ነገሩ ለጆሮ ልክ ይመስላል። እኔም አመንኩ። ሞተሪኖውን ለማውረድ ጭቃ ላይ ጆንያ አንጥፈን ስር ገባን።

ረቡዕ፣ መስከረም 22

ሞተሪኖውን ጋራዥ ወስደን ከባትሪ ጋር በቀጥታ ሞከርነው። ቤንዲክሱ (ሞተሩን የሚይዘው ትንሹ ጥርስ) ወጣ፣ ተሽከረከረ። መካኒኩ «ባዶውን ነው የሚዞረው፣ ጭነት ላይ አቅም የለውም» አለ። እውነት ነው፣ ባዶውን መዞሩ ጤነኛ ነው አያሰኝም። ስለዚህ ከፈትነው። ካርቦኖቹ (ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያስተላልፉት) ገና ከግማሽ በላይ አላቸው። ኮሌክተሩ (ካርቦኖቹ የሚያርፉበት መዳብ) ጠቆር ብሏል እንጂ አልተቃጠለም። ሶሌኖይዱ (ቁልፍ ሲዞር ለሞተሪኖው ኃይል የሚከፍትለት የማግኔት ማብሪያ) ውስጥ ያሉት ሁለቱ የመዳብ ንክኪዎች ትንሽ ተበልተዋል፤ ግን ይነካካሉ። «ሌላ ቀይር» ተባልኩ። የተጠየቀው ዋጋ ብዙ ነው። ሌሊቱን ላስብበት ብዬ ሞተሪኖውን አጽድቼ ይዤው ተመለስኩ።

ማታ ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር ሠራሁ። ሞተሩ ራሱ ተነክሶ እንዳይሆን ከፊት ያለውን የፑሊ ቡሎን በትልቅ መፍቻ ይዤ በእጄ አዞርኩት። በግፊ ከተነሳች በኋላ ሌሊት ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ቢገባስ የሚል ስጋት ነበረኝ። ከበድ ይላል፤ የናፍጣ ሞተር አየሩን ከ17 እጥፍ በላይ ነው የሚያምቀው። ገፋ ሳደርገው ግን «ፉፍ» ብሎ ያልፋል። ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩት፣ የትም ቦታ አልቆመም። ሞተሩ ነፃ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 23

ዛሬን በዝርዝር እጽፋለሁ።

አባቴ በሕይወት እያለ መኪናዋን የሚያዩለት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። አሁን እድሜያቸው ገፍቷል፣ ጋራዥ አይውሉም። ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ሞተሪኖውን በፌስታል ይዤ ነው የሄድኩት። አላዩትም እንኳ።

«ቁልፍ ስታዞር የዳሽቦርዱ መብራት ምን ይሆናል?» አሉኝ።

«ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል ጋሼ። ከጠቅታው ጋር አብሮ።»

«በተበደርከው ባትሪስ?»

«ያው ነው።»

«እንግዲያ ሞተሪኖው ምን አድርጎህ ነው ያወረድከው፣ ልጄ? መልሰህ ግጠመው። እኔ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ።»

ገጠምኩት። መጡ። በርጩማ አወጣሁላቸው፣ ከባትሪው ሳጥን አጠገብ ተቀመጡ። እናቴ ቡና አቀረበች። መጀመሪያ ያስረዱኝ ስለ መብራቱ ነው። ቁልፍ ሲዞር መብራቱ ደምቆ ከቀረና ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ችግሩ ከቁልፉ እስከ ሶሌኖይዱ ባለው ቀጭን ሽቦ ወይም ሪሌ ላይ ነው። መብራቱ ደምቆ አንድ ጊዜ «ጠቅ» ካለና ካልዞረ፣ ያኔ ሞተሪኖውን ወይም የሶሌኖይዱን ንክኪ ጠርጥር። መብራቱ ከጠፋ ግን ሞተሪኖው ለመሥራት እየሞከረ ነው፤ ኃይል ነው ያልደረሰው። ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይ ደግሞ መንገዱ ላይ የሚያንቀው ነገር አለ። የተበደርኳቸው ባትሪዎች ጤነኛ ስለነበሩ የቀረው መንገዱ ነው።

«ጠጠጠ» የሚለውም ከዚሁ ነው። ሶሌኖይዱ ትንሽ ኃይል ይበቃዋል፣ ይስባል። ዋናው ንክኪ ሲዘጋ ሞተሪኖው ብዙ መቶ አምፔር ይጠይቃል። መንገዱ ያንን አይችልም፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሶሌኖይዱ ይለቃል። ሲለቅ ቮልቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይስባል። በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ።

«ታዲያ ቴስተሩ ለምን 24.7 አለኝ?» ብዬ ጠየቅኩ። እጃቸውን ወደ ጀበናው ዘረጉ። «ይሄ ሙሉ ነው። አፉ ላይ አተላ ቢወተፍበት ሙሉነቱ ይቀራል? አይቀርም። ስትቀዳ ነው ጠብታ የሚወርደው። አንተ ሳትቀዳ ነው የለካኸው።»

ከዚያ ስንቀዳ ለካን። ረዳቴ ጋቢና ገብቶ ቁልፍ ያዞራል፣ እኔ እለካለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ታኮው እንዳለ።

መጀመሪያ በባትሪዎቹ ላይ። ቁልፍ ሲዞር ቁጥሩ ከ24.7 ወደ 23 አካባቢ ብቻ ወረደ። ይህን ልብ በሉ። ሞተሪኖ በእውነት ሲጎትት ባትሪው ወደ 20፣ 21 መውረድ አለበት። አልወረደም ማለት ማንም እየጎተተው አይደለም ማለት ነው። የዳሽቦርዱ መብራት ጨልሞ ባትሪው ግን ኃይሉ እንዳለ ተቀምጧል። መሃላቸው የተቆረጠ ነገር አለ።

ቀጥሎ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ (ኬብሉ የሚታሰርበት ጉጥ) ላይ፣ ቀዩን የሞተሩ ብሎክ ላይ። ቁልፍ ካልዞረ ዜሮ ነው። ሲዞር ቁጥሩ ይዘላል፣ ግን 15ን ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። እኔ ጋ ከግማሽ በላይ የሆነው የመኪናዋ ኃይል እዚያ ይቀራል።

ቀዩን ጫፍ ከብሎኩ አንስቼ ሻንሲው (የመኪናዋ የብረት አጽም) ላይ አደረግኩት፣ ያው 15 ነው። ከሻንሲ እስከ ብሎክ ብቻ ስለካ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሞተሩን ከሻንሲ የሚያገናኘው ኬብል ደህና ነው። በሽታው ከባትሪው ወደ ሻንሲ በሚሄደው ግማሽ ሜትር እንኳ በማይሞላ ኬብል ላይ ነው።

ቴስተር ለሌለው ሰው የሚሆን ሌላ መንገድም አሳዩኝ። ባትሪ ለማበደር የምንጠቀምበትን ወፍራም ኬብል አንዱን ጫፍ ኔጌቲቭ እርሳሱ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አስነከሱኝ። የተጠረጠረው ኬብል በዚህ ይታለፋል። ረዳቴ ቁልፍ አዞረ። ሞተሩ በዝግታ፣ እያቃሰተ ዞረ። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ምት ተነሳ። ጋሼ ከበርጩማቸው ሳይነሱ ፈገግ አሉ። እኔ መጮኼን አላስታውስም፣ ረዳቴ ግን ጮኸሃል ይላል።

በካቻቢቴ ሞተሪኖው ላይ ሁለቱን ቡሎኖች አገናኝቶ ማስነሳት ብዙ ሰው ያደርገዋል። ዛሬ ልሞክር ስል እጄን ያዙኝ። ማርሽ ውስጥ የቀረች መኪና በዚህ መንገድ ስትነሳ ስሯ ያለውን ሰው ታልፍበታለች። ደግሞ ብልጭታው ከባትሪ ጋዝ አጠገብ ነው። በሕይወታቸው ሁለት ሰው ሲጎዳ አይተዋል።

ዓርብ፣ መስከረም 24

ኬብሉን ፈታሁ። ኔጌቲቭ መጀመሪያ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል። ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው ሻንሲ ቢነካ፣ ኔጌቲቩ ካልተፈታ የብየዳ ያህል ይፈነዳል። ቀለበትና የብረት ሰዓትም አውልቁ።

ከውጭ ኬብሉ ምንም አይልም። ጥቁር ፕላስቲኩ አልተሰነጠቀም። ባትሪው ላይ የሚታሰረው ጫፍም ንጹሕ ነው፤ እኔው ራሴ በየጊዜው በብርጭቆ ወረቀት አጸዳዋለሁ። ሻንሲው ላይ ወደሚታሰረው ጫፍ ቀረብ ብዬ ሳጥፈው ግን እጄ ላይ ተንኮሻኮሸ፤ ውስጡ አሸዋ ያለ ይመስላል። በሴንጢ ሰነጠቅኩት። አረንጓዴ ዱቄት ፈሰሰ። መዳቡ ወደ ዱቄትነት ተቀይሯል፣ የእጅ ጣት ያህል ርዝመት። ከዚያ ሁሉ ክር ሳይበጠስ የቀረው አሥር አይሞላም። እነሱም ጠቁረዋል። መብራት ለማብራት፣ ክላክስ ለመንፋት፣ ቴስተር ለማሳመን አሥር ክር ይበቃል። ሞተሪኖ ለማዞር አይበቃም።

ጋሼ እንደነገሩኝ ከባትሪው የሚወጣ አሲድ በፕላስቲኩ ውስጥ፣ ጭድ ውሃ እንደሚስብ፣ በክሮቹ መሃል ይሰርጋል። ከውጭ አይታይም። የባትሪው ሳጥን ስር ያለው የሻንሲ ክፍልም ቀለሙ ተላጧል።

አዲሱን ኬብል ከገበያ ገዛሁ። የብየዳ ኬብል ነው፣ 70 ካሬ ሚሊሜትር፣ ክሮቹ ቀጫጭንና ብዙ፤ መንቀጥቀጥ ይችላል። ስትገዙ አንድ ክር በሴንጢ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ተዉት። ጫፉ ላይ የሚገባውን የመዳብ ቀለበት በመዶሻ ቀጥቅጠው ሊሰጡኝ ሲሉ እምቢ አልኩ። ፕሬስ ያለው ቤት ፈልጌ አስጨመቅኩት። አሁን ከበሽታው ያዳነኝን ነገር በመዶሻ ላበላሽ አልፈልግም።

ሻንሲውን በሶዳና በውሃ አጠብኩት። ሶዳው አሲዱን ሲያገኝ አረፋ ያወጣል፣ አረፋው እስኪቆም ደጋገምኩ። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተግኩት። ቡሎኑን አጠበቅኩና ከላይ ግራሶ ቀባሁት። መጀመሪያ ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ግራሶ። ተገላቢጦሹን አታድርጉ።

ለካሁ። ከኔጌቲቭ እርሳስ እስከ ብሎክ፣ ቁልፍ ዞሮ፣ 0.3። ሞተሩ ዞረ፣ ተነሳ። ግን አሁንም ዘገምተኛ ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 25

የዘገምተኛነቱ ምክንያት ተገኘ። ለኔ ከኬብሉም የበለጠ ያሳሰበኝ ይኼኛው ነው።

ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለካሁ። ለምን ማክሰኞ እንዲህ አላደረግኩም! አንዱ 11.9፣ ሌላው 12.8 ነው። ሲደመሩ ያ ያመንኩት 24.7 ይወጣል። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው የሚቀመጠው። 11.9 ማለት ባዶ ሊሆን የተቃረበ ነው። የአሲድ መለኪያ (አሲዱ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ) ተዋስኩና ክዳኖቹን ከፈትኩ። ደካማው ባትሪ አምስቱ ክፍሎቹ 1.170 አካባቢ፣ ስድስተኛው 1.120 ያነባል። ሙሉ ከሆነ 1.270 አካባቢ መሆን ነበረበት። ጠንካራው ደግሞ 1.280 ነው፣ ግን ውሃው ውስጡ ካሉት የእርሳስ ሳህኖች አናት በታች ወርዷል። ክዳኖቹ ዙሪያ እርጥብ ነው።

አንዱ ተርቧል፣ ሌላው ፈልቶ ፈስሷል። እንዴት?

መልሱ አንዲት ቀጭን ቀይ ሽቦ ናት። ከሁለቱ ባትሪዎች መገናኛ ላይ ተነስታ ወደ ጋቢና ትገባለች። ቴፑ 12 ቮልት ስለሆነ ከመሃል ነው የተወሰደለት። የስልክ ቻርጀሩም ከዚያው ነው። ይህን ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት። ሥራውን የሠራው ሰው ሁሉም መኪና ላይ እንዲህ ነው የሚደረገው አለኝ፣ እውነትም በብዙ አይሱዙ ላይ አይቼዋለሁ።

የሚሆነው ይህ ነው። ቴፑ የሚበላው ከአንዱ ባትሪ ብቻ ነው፣ ኔጌቲቩ ሻንሲ ላይ ከታሰረው። ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ግን ሁለቱን እንደ አንድ 24 ቮልት ነው የሚያየው፤ ድምሩ 28 ሲደርስ በቃኝ ይላል። ቴፕ ሲመግብ የዋለው ተርቦ 13 ላይ ሲቀር፣ ያልተነካው 15 ይጫንበታል። ድምሩ 28 ነው፣ ዲናሞው ደስተኛ ነው። ከዓመት ዓመት አንዱ እየሞተ፣ ሌላው እየፈላ ይሄዳል። የፈላው አሲዱን በጭጋግ መልክ ያወጣል። ጭጋጉ ሳጥኑ ስር ወርዶ ኬብሉን በላው። ቡና ለመጫን ወረፋ ስንጠብቅ ረዳቴ ግማሽ ቀን ሙዚቃ ይሰማል። የሰኞው «ጠጠጠ» ሥሩ እዚያ ነው።

ቀይዋን ሽቦ ቆርጬ አወጣኋት።

ደካማውን ባትሪ ለብቻው ሌሊቱን ቻርጅ ላይ እንዲያድር ወሰድኩት፣ በቀስታ።

ሰኞ፣ መስከረም 27

አምስቱ ክፍሎች ወደ 1.240 ተመለሱ። ስድስተኛው ከ1.150 አላለፈም። ያ ክፍል ሞቷል። አንድ ክፍል የሞተበት ባትሪ አይታከምም።

አንዱን ብቻ ገዝቶ ከአሮጌው ጋር ማሰር ርካሽ ነው። ጋሼን ደወልኩላቸው። «አዲሱን ሙሽራ ከበሽተኛ ጋር ታስተኛዋለህ?» አሉኝ። ሁለቱም እኩል እድሜ፣ እኩል አምፔር፣ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ካልሆነ ያው መራብና መፍላት ቴፕ ባይኖርም ይመለሳል። ገንዘቡ ቢከብደኝም ሁለት አንድ ዓይነት ባለ 80 አምፔር ገዛሁ። ለሞተሪኖ ልከፍለው የነበረው ገንዘብ ነው የሸፈነው። የተረፈውን ጠንካራውን አሮጌ ባትሪ ውሃ ሞልቼ ለቤት መብራት አስቀመጥኩት። የተሞላው የባትሪ ውሃ ነው፤ አሲድ አይጨመርም።

ለቴፑና ለስልኩ ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ገጠምኩ፣ በራሱ ፊውዝ። ከሁለቱም ባትሪ እኩል ይወስዳል።

ውጤቱን ለመዝገብ ልጻፍ። ቁልፍ ዞሮ ባትሪ ላይ 20.8። ከኔጌቲቭ እስከ ብሎክ 0.3። ከፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ቡሎን 0.4። ሞተሩ ተነስቶ፣ ትንሽ ነዳጅ ተሰጥቶ፣ ዲናሞው 28.1። ባትሪዎቹ ለየብቻ 14.0 እና 14.1።

ማክሰኞ፣ መስከረም 28

አጋሮ ደርሼ ተመለስኩ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ላይ ዝናብ አገኘን። ሆን ብዬ አራት ቦታ አጠፋኋት፣ አንዱ ዳገት ላይ ነው። አራቱንም ጊዜ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ቡና የሚያስጭኑኝ ሀጂ «አሁንስ አትገፋም?» አሉኝ። «አትገፋም ሀጂ» አልኳቸው። ለጥቅምት ቀጠሮ ሰጡኝ።

ማታ ጋሼ ቤት አለፍኩ። የተሰነጠቀውን አሮጌ ኬብል ፈልገውት ነበር፣ ጋራዥ ለሚማር የልጅ ልጃቸው ሊያሳዩት። ሰጠኋቸው።

የቀረ አንድ ነገር አለ። ሞተሪኖው አልፎ አልፎ፣ ከአሥር አንዴ፣ ሲይዝ «ክርርር» ይላል። የቤንዲክሱ ጥርስ ይሁን የፍላይዊሉ (ቤንዲክሱ የሚይዘው የሞተሩ ትልቅ ጥርሳም ጎማ) ገና አላየሁም። እሑድ አውርጄ አየዋለሁ።